ዳኛውን የሚመርጠው በረንዳው ነው፦ የአንድ የአዳማ እድር የጉዳይ ጥናት

ጉዳዩ ለምን ተጻፈ

እድር ያለው ሰው ይህን ነገር አይቶታል። ምርጫው እሁድ ነው ተብሎ ይለፈፋል፤ ውጤቱ ግን ከረቡዕ ጀምሮ ሰፈር ውስጥ ይወራል። ዳኛው ማን እንደሚሆን፣ ገንዘቡን ማን እንደሚይዝ፣ ማን «እኔ ጊዜ የለኝም» ብሎ እንደሚግደረደርና ማን ተነስቶ እንደሚለምነው ሳይቀር ያለቀ ነገር ነው። እሁድ የሚቀረው እጅ ማውጣት ብቻ ነው።

ይህ ጽሑፍ አዳማ ውስጥ አሮጌው ባቡር ጣቢያ አካባቢ ካሉት ነባር ሰፈሮች በአንዱ ስላለ እድር ነው። ደንቡን ባሻሻለው ኮሚቴ ውስጥ ስለነበርኩ ሰነዱንም ሰዎቹንም በቅርብ አውቃቸዋለሁ። ስም አልጠራም፤ ሰው እንዳይለይ አንዳንድ ዝርዝሮችንም ለወጥ አድርጌያለሁ። መመዝገብ አለበት ያልኩት ለአንድ ነገር ነው። ከጀርባ ሆኖ መሪ የሚያስመርጥ ሰው ሲኖር ብዙዎቻችን ሌባ ነው ብለን እንጀምራለን። እዚህ ማንም አልሰረቀም። ችግሩ ግን ችግር ነበር፣ ለማስተካከልም ዓመታት ፈጀ።

እድሩና ሰዎቹ

እድሩ ከደርግ በፊት የተቋቋመ ነው። መሥራቾቹ የምድር ባቡር ሠራተኞች፣ የገበያ ነጋዴዎችና ጥቂት አስተማሪዎች ነበሩ። አሁን ከ300 በላይ አባወራ አለው። ክርስቲያኑም ሙስሊሙም አብሮ ይቀብራል፣ ስብሰባ ላይ አማርኛና አፋን ኦሮሞ ይቀላቀላሉ። ድንኳን፣ አግዳሚ ወንበር፣ ትልልቅ ድስትና የራሱ የመጋዘን ግቢ አለው። የግቢው ፊት ወደ ዋናው መንገድ ስለሚያይ ሁለት ክፍል ለሱቅ አከራይቷል። ይህን ኪራይ ያዙልኝ፣ በኋላ እንመጣበታለን።

በደንቡ መሠረት የበላዩ ጠቅላላ ጉባኤው ነው። በየ3 ዓመቱ 7 ሰው ለሥራ አስፈፃሚ ይመረጣል። አንድ አባወራ አንድ ድምፅ አለው። ወረቀቱ ላይ ጉድለት አይታይም።

ከወረቀቱ ውጪ ግን ሦስት ሰዎች ነበሩ። ሦስቱም ለዓመታት ምንም ሥልጣን አልያዙም።

አንዱ ባለሱቅ ናቸው። ግማሹ ሰፈር የእሳቸው የዱቤ ደብተር ላይ ተጽፏል። ፒክአፕ መኪናቸው ሌሊት ሬሳ ከሆስፒታል ሲያመጣ ኖሯል፤ ነዳጅ እንኳ ጠይቀው አያውቁም። ሁለተኛው የምድር ባቡር ጡረተኛ ናቸው። የድሮዎቹ ቃለ ጉባኤዎች በሙሉ እሳቸው ቤት ሳጥን ውስጥ ነበሩ። ደንቡ እንዲህ ይላል ካሉ ይላል፤ ማን ሄዶ ያጣራል? ሦስተኛዋ ሴት ናቸው። ለቅሶ ቤት ጓዳውን የሚመሩት፣ ማን እንደታመመ፣ ማን እጅ እንዳጠረው፣ የማን መዋጮ እንደተወዘፈ የሚያውቁት እሳቸው ናቸው። ውዝፉ ሦስት ወር ሞልቶት ሊሰረዝ የደረሰ ሰው ሲኖር ከራሳቸው ኪስ ከፍለው ዝም ይላሉ።

ከአስር ሰዓት በኋላ፣ የአዳማ ሙቀት በረድ ሲል፣ ሦስቱ ባለሱቁ በረንዳ ላይ ኒሙ ዛፍ ጥላ ሥር ይቀመጣሉ። ሰፈሩ «በረንዳው» ይላቸዋል። «በረንዳው ምን አለ?» ማለት የተለመደ ጥያቄ ነበር።

ምርጫው እንዴት ይበስል ነበር

እዚህ ላይ ቀስ ልበል፣ የጉዳዩ ልብ ያለው እዚህ ነው።

ምርጫው ሊደርስ አንድ ወር ሲቀረው በረንዳው ስም ማንሳት ይጀምራል። የሚፈለገው ሰው ዓይነቱ ይታወቃል። ሰው የሚወደው፣ የማይጣላ፣ ሥራ የሚበዛበትና ብዙ የማይጠይቅ። አስተማሪ ቢሆን ጥሩ ነው፤ መስክ የሚወጣ የመንግሥት ሠራተኛ ከሆነ ደግሞ የተሻለ ነው። ስሙ ከተስማማ ሁለት ሰው ማታ ቤቱ ይላካል። ቡና ይፈላል። ልጆቹ ይጠየቃሉ። ከዚያ «ሰፈሩ አንተን ይላል፣ አባትህም ያገለገሉበት እድር ነው» ይባላል። በዚህ ሰዓት እምቢ ማለት ለሽማግሌ ጀርባ መስጠት ነው። ይሉኝታ ሥራውን ይጨርሳል።

ቀጥሎ አስመራጭ ኮሚቴው አለ። አምስት ሰው ነው፣ እዚያው ስብሰባው ላይ ከቤቱ ይጠቆማል። ስብሰባው ለሁለት ሰዓት ተኩል ይጠራል፣ ሰው ግን ሦስት ሰዓት ተኩል ላይ ነው የሚሞላው። በሰዓቱ የሚመጡት እነማን እንደሆኑ ገምቱ። አዳራሹ ሲሞላ አስመራጩ ተመርጦ ጠረጴዛው ላይ ተቀምጦ ይገኛል።

ከዚያ ጥቆማ ነው። የመጀመሪያው እጅ የበረንዳውን ሰው ይጠቁማል። ሌላው ወዲያው «ደግፌያለሁ» ይላል። ሁለት ስም ለማሟያ ይጨመራል። አራተኛ ሰው እጁን ሲያወጣ ከኋላ አንድ ድምፅ ይሰማል፦ «ጥቆማ ይብቃ! ሰዓት ሄደ፣ ለቅሶም አለብን»። ያ ድምፅ በየምርጫው የአንድ ሰው ድምፅ ነበር። ለማሟያ የተጠቆመው ሰውም ብዙ ጊዜ ተነስቶ «ለእሱ ለቅቄያለሁ» ይላል፣ ይጨበጨብለታል።

ድምፅ የሚሰጠው እጅ በማውጣት ነው። ቀድሞ የተጠቆመው ቀድሞ ይቆጠራል። ለእሱ ያወጣ ሰው ለሌላ አያወጣም። ሰውም እጁን ከማውጣቱ በፊት ወደ ጥግ አየት ያደርጋል። ባለሱቁ እጃቸውን ካነሱ የደብተሩ ሰው ሁሉ ያነሳል። ማንም አላስፈራራውም። «ነገ ዘይት ልጠይቃቸው ነው እኮ» ያለኝ ሰው አለ፣ እየሳቀ።

ልብ በሉ፣ እዚህ ሁሉ ውስጥ የተጭበረበረ ድምፅ የለም። ቆጠራው ልክ ነው። ቃለ ጉባኤው ልክ ነው። ነገሩ የተበላሸው ከቆጠራው በፊት ነው።

ለምን ራሳቸው አይመረጡም?

ወጣቶቹ ሁሌ የሚያነሱት ጥያቄ ነበር። ይህን ያህል ከተሰሙ ለምን ዳኛ አይሆኑም?

አንጋሽ ዙፋን ላይ አለመውጣቱ በአገራችን ታሪክ እንግዳ አይደለም። ራስ ሚካኤል ስሑል በ1761 ዓ.ም. አፄ ኢዮአስን አስወግደው ሽማግሌውን ዮሐንስ ዳግማዊን፣ ከጥቂት ወራት በኋላ ደግሞ የዮሐንስን ልጅ ተክለ ሃይማኖት ዳግማዊን አነገሡ። ራሳቸው ግን የሰሎሞን ዘር ነኝ ብለው ሊቀመጡ አይችሉም ነበር። ፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ ዲነግዴም በመስከረም 1909 ዓ.ም. ልጅ ኢያሱ ሲሻሩና ዘውዲቱ ሲነግሡ ከዋነኞቹ ወሳኞች አንዱ ነበሩ። በ1919 ዓ.ም. እስኪያርፉ ድረስም ከባድ ሚዛን የነበራቸው ሰው ናቸው፣ ዘውድ ግን አልጫኑም።

የእድሩ ምክንያት ከዘር ጋር አይገናኝም። ዳኛ ይጠየቃል። ድንኳን ሲቀደድ፣ ለቅሶ ቤት ወንበር ሲዘገይ፣ ሒሳብ ሲጎድል የሚነሳው እሱ ነው። ዳኛውን ያስመረጠው ሰው ግን ማንም «ተነስተህ መልስ ስጥ» የማይለው ሰው ነው። በእኔ ግምት ባለሱቁ ይህን አስልተው አላደረጉትም። በቃ እንደዚያ ተመቸ።

ችግሩ

በተከታታይ ሦስት ዳኞች ጊዜያቸውን ሳይጨርሱ ለቀቁ። አንዱ ሥራ ተቀየረብኝ አለ፣ አንዱ ታመምኩ አለ፣ ሦስተኛው ግን እውነቱን ተናገረ። «ፈርሜ ነው የምሰማው» አለ።

ነገሩን ያፈነዳው የሱቆቹ ኪራይ ነው። ክፍሎቹን የያዘው የባለሱቁ አማች ነበር። ኪራዩ ለዓመታት አልጨመረም። አጠገቡ ያለ ግለሰብ ያከራየው ተመሳሳይ ክፍል ከእጥፍ በላይ ያወጣ ነበር። አንድ አባል ጉባኤ ላይ ተነስቶ ውሉን ማን አራዘመው ብሎ ጠየቀ።

ገንዘብ ያዡ «ኮሚቴው ወስኖ ነው» አለ። የኮሚቴው ሰዎች ተያዩና «ሽማግሌዎቹ ይራዘም ስላሉን ነው» አሉ። ሽማግሌዎቹ ደግሞ «እኛ ምን ሥልጣን አለን? ሐሳብ ጠየቁን፣ ሐሳብ ሰጠን» አሉ። ሦስቱም መልስ እውነት ነው። ጥያቄው ዞሮ ዞሮ የትም አላረፈም።

ከዚያ ኦዲት ተደረገ። መዝገቡ ንጹህ ነበር። የጎደለ አንድ ብር አልተገኘም። ይህ ነገሩን ይበልጥ አወሳሰበው። ሌባ ተይዞ ቢሆን ኖሮ ሌባውን አስወጥቶ መጨረስ ይቻል ነበር።

ምን ተሞከረ

መጀመሪያ የተሞከረው መጋፈጥ ነው፣ እሱም በክፉ ሁኔታ ከሸፈ። አንድ ወጣት አባል በጠቅላላ ጉባኤ ላይ ተነስቶ በረንዳውን «ማፍያ» ብሎ ተሳደበ። ከተናገረው ግማሹ እውነት ነበር። ነገር ግን ቃሉ ከአፉ እንደወጣ አዳራሹ ከድቶት ሄደ። አንዲት ባሏ የሞተባት እናት ተነስታ «ባሌን ከሆስፒታል በሌሊት ያመጣልኝ ማን ሆነና ነው?» ስትል ጉዳዩ አለቀ። የኪራዩ አጀንዳ በዚያው ተቀበረ። ልጁ የእድሩን ቅጣት ከፍሎ፣ ሽማግሌ ልኮ፣ ጉልበት ስሞ ታረቀ። ከአስታራቂዎቹ አንዱ ጡረተኛው ራሳቸው ነበሩ።

ሁለተኛው የሥልጣን ጊዜ ገደብ ነው። ማንም ከሁለት ዙር በላይ አይመረጥም የሚል አንቀጽ ተጨመረ። ሁሉም አጨበጨበ፣ በረንዳውም አጨበጨበ። ለምን አያጨበጭብ? ገደቡ የተመረጠን ሰው ነው የሚያስረው። እነሱ መቼ ተመረጡና!

ነገሩን ያዞረው በዕድሜ ገፋ ያሉ አንድ የኦሮሞ አባት ናቸው። የጊዜ ገደቡ ክርክር ላይ ወጣቶቹ ገዳን እንደ ምሳሌ ይጠቅሱ ነበር። በ8 ዓመት ባሊ፣ ማለትም ሥልጣን፣ ይረከባል፣ ማንም አይጨምርም ይላሉ። አባትዬው ሰምተው ሲያበቁ «የገዳን ግማሹን ነው የምታወሩት» አሉ። አባ ገዳው ሥልጣኑን ካስረከበ በኋላ ዝም እንደማይል፣ ዩባ፣ ማለትም አማካሪ ሽማግሌ፣ ሆኖ እንደሚመክር፣ ምክሩም እንደሚሰማ ነገሩን። «ግን የት እንደሚቀመጥ ይታወቃል» አሉ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ኮሚቴው በረንዳውን እንዴት እናጥፋ ማለቱን ትቶ የት እናስቀምጥ ማለት ጀመረ።

ደንቡን የሚያሻሽል አምስት ሰው ተመረጠ። አንዱ ጡረተኛው እንዲሆኑ ተለመኑ። አንዳንዱ ሰው ይህን ሽንፈት አድርጎ ቆጠረው። በእኔ አመለካከት ከተደረገው ሁሉ ብልጡ ነገር ይኸው ነበር፣ ሳጥኑ አብሯቸው መጣና። የድሮው ደንብ ሲነበብ ጥቆማ በጊዜ መዝጋት የሚባል ነገር የትም የለም። «ይብቃ» ልማድ እንጂ ሕግ አልነበረም። ሁለት ቀን ሙሉ ያን ሳጥን ስናገላብጥ ከሁላችንም በላይ የተደነቁት ባለቤቱ ናቸው።

ከዚያ የተለወጡት ነገሮች እነዚህ ናቸው። ጥቆማ ከምርጫው ቀን ተለይቶ ለሦስት ሳምንት ክፍት ሆነ። 10 አባል የፈረመለት ማንም ሰው ይጠቆማል፤ ዝርዝሩ መጋዘኑ በር ላይ ይለጠፋል። እስከዚያ ድረስ ሰው ሱቅ ሲሄድም፣ ባጃጅ ሲጠብቅም ስሞቹን አይቶ ያወራል። አስመራጩ ደግሞ ከአባላት መዝገብ በዕጣ እንዲወጣ ተደረገ። በዕጣ ማንም አልተከራከረም፤ እቁብ የማይጥል ቤት የለምና ዕጣን ሰው ያምነዋል። ለታሪኩ ያህል፣ በመጀመሪያው ዕጣ ከወጡት አንዱ የባለሱቁ የወንድም ልጅ ነበር። አልተቀየረም። ሥራውንም በደንብ ሠራ።

አባልነትም ከአባወራ ወደ ቤተሰብ ተለወጠ። ድምፁ በቤት አንድ እንደሆነ ቀረ፣ ግን የባልም የሚስትም ስም ተመዘገበ። ከሁለቱ የመጣው ይመርጣል፣ ሁለቱም መመረጥ ይችላሉ። ይህ አንቀጽ ያለብዙ ክርክር አለፈ። ውጤቱን ማንም አልጠበቀውም።

ድምፅ አሰጣጡ

ሚስጥራዊ ድምፅ ይሁን ሲባል ትልቁ ክርክር ስለማያነቡ አባላት ነበር። ወረቀት ላይ ስም ጻፉ ቢባል አንዳንዱ ሰው ልጁን ያስጽፋል፣ ከዚያ ሚስጥር የሚባል ነገር የለም። በአገር ምርጫ ዕጩዎች የመወዳደሪያ ምልክት አላቸው። እዚህም እንደዚያ ይሁን ተባለና ለዳኝነት ከተወዳደሩት ሦስት ሰዎች ለአንዱ ባቄላ፣ ለአንዱ ሽምብራ፣ ለአንዱ በቆሎ ተሰጠ። መራጩ ከሦስቱም አንድ አንድ ፍሬ ይቀበላል። ድንኳኑ ጥግ በአንሶላ ወደተከለለው ቦታ ይገባል። የሚፈልገውን በአፈ ጠባብ እንስራ ውስጥ ጥሎ ይወጣል።

አዳራሽ ውስጥ አስቀድሞ ልምምድ ተደርጎ ነበር። በልምምዱ አንድ ቀዳዳ ተገኘ። ሰው ከመጋረጃው ሲወጣ የተረፉትን ሁለት ፍሬዎች እጁ ላይ ይዞ ይወጣል። ባቄላው ከሌለ ለባቄላ ነው የሰጠው! አንዲት ወጣት ይህን አይታ ስትስቅ ነው የተነቃው። ስለዚህ ትርፉን የሚጥሉበት ክዳን ያለው ቅርጫት መጋረጃው ውስጥ ተቀመጠ። ባዶ እጁን ያልወጣ እንዲመለስ ተደረገ።

ለሌሎቹ ቦታዎችም በዚሁ ተመረጠ። ረጅም ቀን ነበር። ፀሐዩ ድንኳኑን አጋለው፣ ሁለት ጊዜ ውሃ ተገዛ፣ ጥቂት ሰዎች ሳይመርጡ ሄዱ።

ውጤቱ

የበረንዳው ዕጩ ዳኛ ሆነ።

ወጣቶቹ ፊታቸው ጠቆረ። ይህ ሁሉ ድካም ለዚህ ነው? ልዩነቱ ጠባብ ነበር፣ ቢሆንም አሸነፈ። ገንዘብ ያዡና ጸሐፊው ግን ከዝርዝራቸው ውጪ የመጡ ሰዎች ሆኑ። ምክትል ዳኛዋ ደግሞ ሴትዮዋ ናቸው! ከሦስቱ የበረንዳ ሰዎች አንዷ፣ በዚያ ቀን ከሁሉም ዕጩ የበለጠ ድምፅ አግኝተው። እስከዚያ ቀን ድረስ በእድሩ መዝገብ ላይ ስማቸው እንኳ አልነበረም። መዝገቡ ላይ የነበረው የባላቸው ስም ነው።

የዳኛው ነገር ነው ያስገረመኝ። ሰውየው ያው የበረንዳው ሰው ነው፣ ሆኖም እንደ ቀዳሚዎቹ አልሆነም። በሦስተኛው ወር የኪራዩ ጉዳይ ተመልሶ ሲመጣ ጨረታ ይውጣ አለ። ባለሱቁ ቅር አላቸው። ዳኛው «ጋሼ፣ እኔ የተመረጥኩት በባቄላ ነው» አላቸው ይባላል። ቀዳሚዎቹ ዳኞች ማን እንዳስመረጣቸው ያውቁ ነበር፣ ስለዚህ ባለ ዕዳ ነበሩ። ይኸኛው ማን እንደመረጠው አያውቅም። ስለዚህ ለማን ዕዳ እንዳለበትም አያውቅም። ጨረታው ወጣ፣ አማቹ ተወዳደረ፣ ከሌላው የበለጠ ዋጋ ሰጥቶ ቤቱን ያዘ። ተከራዩ ያው ነው፣ ኪራዩ ግን የገበያ ኪራይ ሆነ።

ሴትዮዋም ወንበር ላይ ሲወጡ ይጠየቁ ጀመር። አንድ ስብሰባ ላይ የእገሌ ውዝፍ ለምን ታለፈ ተባሉ። ከራሳቸው እንደከፈሉ ሲናገሩ ቤቱ ዝም አለ። ከዚያ «የእርስዎ ደግነት እስከ መቼ?» ተባለና እጅ ላጠረው አባል የሚሆን አንቀጽ ተጻፈ። ለዓመታት በአንዲት ሴት ኪስ የሚሠራ ነገር የእድሩ ሥራ ሆነ።

ያልሠራው

የሽማግሌዎች አማካሪ ጉባኤ ተቋቁሞ ነበር። ሥራው ሥራ አስፈፃሚው ሲጠይቅ ሐሳብ መስጠት ነው፤ ሐሳቡ ከነሰጪው ስም ቃለ ጉባኤ ላይ ይሰፍራል፣ ድምፅ ግን የለውም። ጡረተኛው ወደዱት። ባለሱቁ ሁለት ጊዜ መጥተው ቀሩ። ስማቸው አጠገብ ሐሳባቸው መጻፉ አልተመቻቸውም። አሁንም በረንዳቸው ላይ ናቸው፣ ሰው አሁንም ይሄዳል። ቁጥሩ ቀንሷል፣ አልጠፋም።

የዱቤውን ነገር ለመንካት የአስቸኳይ ጊዜ ብድር ተጀምሮ ነበር። ሰው ከባለሱቁ ደብተር ይውጣ ተብሎ ነው። ተበዳሪው ብዙ፣ መላሹ ጥቂት ሆነ። እድር ደግሞ ለቅሶ ላይ የሚያየውን ሰው እንዴት ብሎ ያስጨንቃል? ብድሩ ተዘጋ። ባለሱቁ ግን ማን መቼ እንደሚከፍል ያውቃሉ፣ ደሞዝ ሲደርስ ይጠብቃሉ፣ ልጅ ሲታመም ያልፋሉ። ያን ዓይነት ዕውቀት በአንቀጽ መተካት አልተቻለም።

ወጣቶቹ የከፈቱት የቴሌግራም ግሩፕም አለ። መጀመሪያ ጥሩ ነበር። ቀስ እያለ ግን አድሚኑ የሚፈልገውን ስም ከላይ ይሰካል፣ የማይፈልገውን ጥያቄ «ከአጀንዳ ውጪ» ብሎ ያጠፋል። በሁለተኛው ምርጫ ዋዜማ የዕጩዎች ዝርዝር ከመለጠፉ ከሦስት ቀን በፊት ግሩፑ ላይ ታውቆ ነበር። አድሚኑ ያው «ማፍያ» ብሎ የተሳደበው ልጅ ነው።

ለሌላ ቦታ የሚሆነው

ከጀርባ ያለ ተጽዕኖ የሚሠራው ድምፅ ከመሰጠቱ በፊት ባለው ጊዜ ነው። ስለዚህ ማን ያሸንፋል ከማለታችሁ በፊት ስብሰባው ለስንት ሰዓት ተጠራ፣ አስመራጩን ማን መረጠው፣ ጥቆማውን ማን ዘጋው ብላችሁ ጠይቁ። እድሩ ውስጥ ትልቁን ለውጥ ያመጣው የሦስት ሳምንቱ ጥቆማ ነው። ሚስጥራዊ ድምፁ ሁለተኛ ነው። ብዙ ማኅበር ግን ሁለተኛውን ብቻ ወስዶ ዴሞክራሲ መጣ ይላል።

ሌላው፣ ያ ሰው የሚሰማው ለምን እንደሆነ በቅንነት መጠየቅ ነው። የበረንዳው ኃይል ከፒክአፑ፣ ከሳጥኑና ከጓዳው ነው የመጣው። ሳጥኑ ቢሮ ሲገባ የጡረተኛው ሥልጣን ወደ ክብር ተለወጠ። ጓዳው አንቀጽ ሲሆን ሴትዮዋ ባለሥልጣን ሆኑ። ፒክአፑንና ደብተሩን የሚተካ ነገር አልተገኘም፣ የባለሱቁም ተጽዕኖ የቀረው በዚያው ልክ ነው። የሚሰጠውን አገልግሎት ሳትተኩ ሰውየውን ብቻ ብታነሱ የሚጎዳው ሌሊት ሬሳ የሚያመጣለት ያጣው ሰው ነው።

ትንሿ ነገር ደግሞ ከሁሉም ርካሿ ናት። ከኪራዩ ጣጣ በኋላ ጸሐፊው እያንዳንዱ ውሳኔ ሥር «ሐሳቡን ያቀረበው» የሚል መስመር ጨመረ። «ኮሚቴው ወሰነ» ብሎ ማለፍ ቀረ። ይህን ለማድረግ ጉባኤም፣ የደንብ ማሻሻያም አያስፈልግም፤ እስክሪብቶ ይበቃል።

ኮንዶሚኒየም ውስጥ ላላችሁ ግን አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ። እዚያ ብዙ ባለቤት ቤቱን አከራይቶ ሌላ ቦታ ይኖራል፣ ስብሰባ አይመጣም። ስለዚህ ተጽዕኖው የሚጠራቀመው በረንዳ ላይ ሳይሆን ውክልና ላይ ነው። አንድ ሰው የብዙ ቤት ውክልና ሰብስቦ ከመጣ ባቄላም ሽምብራም አያድናችሁም። እድሩ ውክልናን ጨርሶ ከልክሏል፤ ሁሉም ሰፈር ውስጥ ስላለ ተቻለው። እናንተ ጨርሶ መከልከሉ ካልሆነላችሁ አንድ ሰው ከአንድ ቤት በላይ እንዳይወክል ደንባችሁ ላይ አስገቡ፤ የወካዮቹም ዝርዝር ከስብሰባው በፊት ደረጃው ሥር ይለጠፍ።